ነገሌ ሰማንያ ስድስት

ነገሌ ቦረና፣ ጥቅምት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስራኤል፣ ፊልቱ

ሰላምታችን ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነውን ከታች እነግርሃለሁ። ለጋሽ ወልደሥላሴ የጻፍከው ደብዳቤ ከሦስት ፎቶዎች ጋር በአውቶቡስ ሹፌሩ በቡሌ እጅ ደርሶናል። ፖስታው ትንሽ ታሽቷል። ቡሌ እንደሚለው ከጣሪያው ላይ አልጫነውም፤ በክብር ከመቀመጫው ሥር ነው ያስቀመጠው። እዚያ ግን ቀድሞ የገባ ፍየል ነበር።

እንደምታየው የእጅ ጽሑፉ የሱ አይደለም። የባለቤቴ የወልደሥላሴ ዓይን ከሁለት ዓመት ወዲህ መስኮቱ የት እንዳለ ከማወቅ አያልፍም። ስለዚህ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። በመሃል የራሴን ሐሳብ ካስገባሁ አስታውቃለሁ። ስድስተኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምርህ ጠባዬን ስላየህ አትቸገርም።

የዘቢባ ልጅ ኢክራም ልታገባ መሆኗን፣ የሠርጓም ፎቶ ልክ እንደ እናቷ የሰማንያ ስድስት ዓ.ም. ፎቶዎች ይሁንልኝ ማለቷን፣ ሥራውንም ለአንተ መስጠቷን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ወልደሥላሴም ደስ አለው። ከዚያ ሙከራዎችህን ዘርዝሬ ነገርኩት።

«የመጀመሪያው ምን አለበት?» አለኝ።

«አንዲት ልጅ ሱቅ በር ላይ ቆማለች። ፎቶው ተጭሯል።»

«ኔጋቲቩን አሸዋ ነክቶታል። በጥጥ ይጥረገው።»

«ኔጋቲቭ የለውም። በዲጂታል ነው የተነሳው። ጭረቱን በኮምፒውተር ራሱ ነው የጨመረበት።»

ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«ሁለተኛውስ?»

«ጠርዙ ላይ ብርሃን ገብቷል፤ ክዳኑ ሳይገጥም የቀረ ካሜራ ያነሳው ይመስላል። እሱንም ራሱ ጨምሮ ነው። ሦስተኛው ላይ ደግሞ አቧራ ጨምሯል።»

«ልጁ ታሟል?»

ይህን ሰው ልትረዳው ይገባል። ከሠራዊቱ ሲወጣ ይዞት የወጣው ሀብት ይህ የፎቶ አንሺነት ሙያ ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከጭረት፣ ከአቧራና ሾልኮ ከሚገባ ብርሃን ጋር ሲታገል ኖረ። አሁን ሲያፍርባቸው የኖረው ጥፋቶች ሁሉ ስም ወጥቶላቸው በኢንተርኔት እንደሚሸጡ አንተ ነህ የነገርከው። እራቱን አልበላም።

ለጥያቄዎችህ መልሱ ይኸው። ፊልሙ ምን ዓይነት ነበር? ሱቅ የተገኘው ዓይነት። ሰዎቹ እንዲህ ቀለል ብለው እንዲነሱ ምን ተደረገ? እሱ እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለኝ፦ «የፎቶግራፍ ምስጢር ቅንብርና ትዕግሥት ነው።» (ይህን በሬዲዮ የሰማው ይመስለኛል።) ሴቶቹን እንዴት እንዲያ ቀርበው አነሷቸው የሚለውን ሳነብለት ሻይ አምጪልኝ አለ። ሻዩ ፊቱ ነበር።

አዳዲስ ሙከራዎችን ላክ። በወረቀት ይሁን። የእኔ ስልክ ቁልፍ የሚጫኑበት ነው፤ ድምፅ እንጂ መልክ አይቀበልም።

ዕፀገነት


ፊልቱ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቲቸር ዕፀገነት እና ለጋሽ ወልደሥላሴ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጭረቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ብርሃኑም። ስለ አቧራውም። ኢንተርኔት ላይ ሁሉም የሚያደርገው እሱን ስለሆነ ነው፤ እራታቸውን ያስተዋቸዋል ብዬ አላሰብኩም። ስለ ፍየሉ ኃላፊነቱን ቡሌ ይውሰድ።

ቲቸር፣ በእነዚያ ፎቶዎች ለምን እንዲህ እንደተያዝኩ እንደጠየቁኝ እቆጥረዋለሁ። ስቱዲዮዬን ፊልቱ ላይ ከከፈትኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። እስካሁን የኖርኩት በጉርድ ፎቶ ነው፤ መታወቂያ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ጠላቱን እያየ ይመስል ፊቱን አኮሳትሮ ይቀመጥልኛል። ሠርግ ሲገኝም ሙሽሮቹን ዛፍ ሥር አቁሜ፣ አንዱ ሌላውን እንዲያይ አዝዤ፣ ፊታቸውን በኮምፒውተር አለስልሼ ሳበቃ የባንክ ማስታወቂያ ይመስላሉ። እነሱ ይከፍላሉ። እኔ ግን ማን እንደተጋባ አላስታውስም።

ከዚያ ኢክራም የእናቷን አልበም ይዛ መጣች። የፎቶዎቹ ጀርባ ላይ «ፎቶ ወልደሥላሴ፣ ነገሌ» የሚል ማኅተም አለ። እያንዳንዱን ያሳየችኝ በአውራ ጣቷ የአንዷን አክስት ፀጉር፣ በመሃረብ የሌላዋን ትከሻ ሸፍና ስለሆነ፣ ያየሁት አገርን በበር ቀዳዳ የማየት ያህል ነው። ያየሁት ግን በቃኝ። ሂና የተቀባ እጅ ቴምር ይዞ አፍ ሊደርስ ሲል ቀርቷል። የማንቆርቆሪያ ጆሮ ብቻውን ፎቶው ውስጥ ገብቷል። ጥርስ ሁሉ ይታያል። ወደ ካሜራው የሚያይ አንድም ሰው የለም። ሁሉም በአንድ ጉዳይ መሃል ነው ያለው። ደግሞ ያ ቀላ ያለ ቀለም። ቲቸር፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ በደስታ ነው።

የሙሽራው ወገን ግን ከሐዋሳ ድሮን ያለው ሰው እናምጣ እያሉ ነው። ኢክራም «መጀመሪያ ሙከራህን አሳየኝ፤ የእማዬን ካልመሰለ እነሱ ያሉት ይሆናል» ብላኛለች። ይህ ሠርግ ካመለጠኝ ወደ መታወቂያ ፊቶች እመለሳለሁ። ሠርጉ ኅዳር 20 ነው።

አሁን የላክኋቸው ላይ ጭረት የለም። ቀዩን ጨምሬበታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፦ ያንን አልበም ሲያነሱ ጋሼ የት ቆመው ነበር? ርቀቱን ካወቅሁ ሌንሱን እመርጣለሁ።

አክባሪዎ እስራኤል


ነገሌ ቦረና፣ ጥቅምት 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእስራኤል

ይቅርታህን ተቀብሏል። እራቱንም በልቷል፤ ሁለቱን ማያያዝ የአንተ ፋንታ ነው።

አዲሶቹን ፎቶዎች አየኋቸው። ቀዩን እንደ በርበሬ ነስንሰኸዋል። ሱቅ በር ላይ የቆመችው ልጅ ኩፍኝ የያዛት ትመስላለች፤ ዘመዶቿ ሳያዩት ቅደደው።

ስማኝ። የዚያን ጊዜው ፊልም የሚቀላው ጨለማው ውስጥ ነው እንጂ ፊት ላይ አይደለም። ነጭ ሻሽ ነጭ ነው። ጉንጭም ጉንጭ ነው። ጥቁሩ ግን ጥቁር መሆን ያቅተውና ወደ ቡና ገለባ ይሄዳል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ፊልሙ ባለሱቁ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ፣ ቀኑም አልፎበት ይሸጥልን ነበር። ከተነሳ በኋላ ደግሞ እንዲታጠብ ሻሸመኔ ሲሄድ የአውቶቡሱ ሞተር ክዳን ላይ ተቀምጦ ነው። ተቀቅሎ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ብሩሁን ቦታ ተወው፤ ጥላውን ብቻ አሙቀው። ብልጭታውም ፊት ለፊት ይምታ፤ ከሰዎቹ ኋላ ግድግዳው ላይ የገዛ ጥላቸው ደረቅ ብሎ ይውደቅ። አሸዋ የሚመስለውን ነጠብጣብ ቀንስ። የኛ ፊልም ሻካራ የሚሆነው ጨለማ ቦታ ብቻ ነበር፤ አንተ ሰማዩ ላይ ሳይቀር ጠጠር በትነሃል።

ይህን ሁሉ ወልደሥላሴ ነገረኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለው ነበር።

ወደ መጨረሻው ጥያቄህ። ጋሼ የት ቆመው ነበር የሚለውን ሳነብለት ሬዲዮኑን ከፈተ። ሲከፈት የአየር ሁኔታ ነበር። የጎዴን ሙቀት በታላቅ ተመስጦ አዳመጠ። ዜናው እስኪያልቅ ጠብቄ ደግሜ አነበብኩለት።

«በር አካባቢ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

ይህ እውነት ነው። በር አካባቢ ነበር። እኔ እመሰክራለሁ።

ዕፀገነት


ፊልቱ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቲቸር ዕፀገነት

ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ነው፤ ለጋሼ ቢነበብ ባይነበብ እርስዎ ይወስኑ።

መጀመሪያ ደስታውን ልናገር። ጥላውን ብቻ አሞቅሁት፣ ብልጭታውን ፊት ለፊት አደረግሁት፣ አሸዋውን ከሰማዩ ለቀምኩ። ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ሲለወጥ በዓይኔ አየሁት። ትላንት በስቱዲዮዬ የተነሳው ወንበር በአንድ ጊዜ እኔ ከመወለዴ በፊት የተቀመጡበት ወንበር ሆነ። የቀለሙን ልክ አንዴ አስተካክሎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ፕሪሴት ይሉታል፤ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ፎቶ በአንድ ጠቅታ ያለብሱታል። ስሙን «ነገሌ 86» አልኩት። ኢክራም ስታየው ስለ ወንበሩ እንኳን ጠየቀችኝ፤ «የማን ቤት ነው?» አለች። የኔ ነው አልኳት። አላመነችም። ሥራው የኔ ሆነ። ቤቴ እስክደርስ ብቻዬን ስስቅ የባጃጁ ሾፌር በመስታወት ደጋግሞ አየኝ።

አሁን ወደ ውርደቱ። በነጋታው የኢክራም አክስት ፈርሃና ዘንድ ሄድኩ፤ የሠርጉን መርሐ ግብር የያዘችው እሷ ናት። አካም ናጋ ተባብለን ሰላምታችንን ከጨረስን በኋላ፦

«ፈርሃና፣ ከሴቶቹ ዳስ የቱ ጥግ ልቁም? ብርሃኑን ቀድሜ ልየው» አልኳት።

«የቱ ዳስ?»

«የሴቶቹ።»

«ማን ነው የሚቆመው?»

«እኔ።»

ወደ ጓሮ ዞራ በኦሮምኛ ተጣራች። ከዚያ ሳይገባኝ እንዳይቀር የፈራች ይመስል በአማርኛ ደገመችው፤ «ሰማችሁ? እስራኤል ከሴቶች ዳስ ሊቆም ነው። ጉርድ ቀሚስ ፈልጉለት።» ከጓሮ የመጣው ሣቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ቲቸር፣ ሳምንታት ሙሉ ስለ ጥላ ቀለም ሳስብ ወንድ መሆኔን ረሳሁ። አውራ ጣቱ፣ መሃረቡ፣ ሁሉም ፊቴ ነበር። ፎቶዎቹ ለወንድ ዓይን እንዳልተነሱ እያየሁ፣ እንዴት ተነሱ የሚለውን ለሌንስ ምርጫ ጠየቅሁ።

«ታዲያ የዘቢባን ጋሽ ወልደሥላሴ እንዴት አነሳው?» አልኳት።

«ጀርባውን ነው ያነበብከው? ፊቱን ብታየው ታውቅ ነበር። አንዱ ላይ እኮ መስታወት አለ፤ ካሜራ የያዘችው ሴትዮ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ኢክራም እሷ ላይ ነው አውራ ጣቷን ያደረገችው፤ ሻሿን አውልቃ ስለነበር።»

«የቷ ሴትዮ?»

«የእናንተዋ ቲቸር ናታ። ወላሂ፣ አታውቅም?»

አላወቅሁም።

በሴቶቹ ዳስ በር ላይ ስልክ ሁሉ ይሰበሰባል። ባለፈው ዓመት የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ወጥቶ ሁለት ቤተሰብ እስከዛሬ አይነጋገርም። የሐዋሳው ሰው ድሮን ከዳሱ በላይ እንደሚበር ሲነገራት ዘቢባ ድንጋይ ማሰባሰብ እንደጀመረች ሰምቻለሁ። ኢክራም ደግሞ የወንዶቹ በኩል ቢነሳም ባይነሳም ግድ የላትም። የምትፈልገው ያንን ዳስ ነው፤ የአክስቶቿን ሣቅ። እኔ የደረስኩት ለዚያ የሚሆን ቀለም ላይ ብቻ ነው፤ ፎቶ የለኝም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። እውነት ነው ወይ? እና ይመጣሉ ወይ?

አክባሪዎ እስራኤል


ነገሌ ቦረና፣ ኅዳር 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእስራኤል

ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሱ አዎ ነው።

ምስጢር ግን አልነበረም። የነገሌ ሴቶች በሙሉ ማን እንዳነሳቸው ያውቃሉ። ወንዶቹ አልጠየቁም።

እንዲህ ነበር። ዘቢባ ጎረቤታችን ነበረች፤ ታናናሾቿን አስተምሬያለሁ፤ ለሠርጉ ተጠርቼ ስገባ ወልደሥላሴ በር ላይ ቆሞ ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። «ይህን ትጫኛለሽ፣ ይህን ታዞሪያለሽ» አለኝ። ትምህርቱ ይኸው ነው። የፍላሹ ባትሪ ድንጋይ የደከመ ነበር፤ አዲሱን ለወንዶቹ በኩል አስቀምጦታል። አንዴ ከበራ በኋላ እያፏጨ እስኪሞላ ድረስ ሰው ያረጃል። ሴቶቹ ይሰለፋሉ። ፊታቸውን ያስተካክላሉ። እኔ ትንሿ መብራት እስክትበራ እጠብቃለሁ። እነሱም ይጠብቃሉ። ይሰለቻቸዋል። አንዷ እኔን ትሰድበኛለች፣ ሌላዋ በስድቡ ትስቃለች፣ ሦስተኛዋ ወደ ቴምሯ ትመለሳለች። ያኔ መብራቷ ትበራለች፤ እጫናለሁ። አንተ እንቅልፍ ያጣህለት ቅንብር የባትሪ ድንጋይ ሥራ ነው። ማንቆርቆሪያው የገባውም አንድ እጄ ሰሃን ይዞ ስለነበር ነው።

ዘቢባ አንድ ነገር አስማለችኝ፤ የነገሌ ወንድ እንዳያያቸው። ሻሸመኔ የሚያጥበው ሰውዬ ማንንም ስለማያውቅ አይቆጠርም ተባለ። ፎቶዎቹ ታጥበው ሲመለሱ ወልደሥላሴ የስቱዲዮውን ማኅተም ሊመታባቸው ፈለገ፤ ስሙ ነው፣ መብቱ ነው። እኔ ጀርባቸውን እያገላበጥኩ ስመታ እሱ ግድግዳ ግድግዳውን አየ። ስለዚህ ልጄ፣ በመጀመሪያው ደብዳቤ ስለ ቅንብርና ትዕግሥት ያስጻፈኝ አይቷቸው ስለማያውቃቸው ፎቶዎች ነው። ደንበኛ ሁሉ በነሱ ሲያመሰግነው ዝም ብሎ ይቀበል ነበር። ምን ይበል? ከዚያ በኋላ ለሌሎች ሠርጎችም ገባሁ። ቪዲዮ መጣ። ስልክ መጣ። ቀረ።

ደብዳቤህን አነበብኩለት፤ ሙሉውን። ሬዲዮኑን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ቀድሜ አንስቼው ነበር።

«ትሄጃለሽ?» አለኝ።

«ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው።»

«ዕድሜሽን አልጠየቅሁም።»

«ዲጂታል ነክቼ አላውቅም።»

«ይህን ትጫኛለሽ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ማዞሩ ቀርቷል ይላሉ።»

ከዚያ የሚበላው ነገር የት የት እንደሚቀመጥለት ሊያስረዳኝ ጀመረ። ቤቱን ያለኔ ለመምራት ለዓመታት ሲያስብበት የቆየ ይመስላል።

ለሁለተኛው ጥያቄህ መልሱ ይህ ነው፦ ካሜራውን ቀድመህ ላክልኝ። ልምምድ እፈልጋለሁ። የጎረቤት ዶሮዎች ላይ እጀምራለሁ። ሁለት ነገር እወቅ። አንደኛ፣ ፎቶዎቹን አንተ አታያቸውም። ቀለሙን እንዴት እንደምናለብሳቸው አስብበት፤ የተማርከው አንተ ነህ። ሁለተኛ፣ ለዘቢባ እኔ ራሴ ደውዬ እነግራታለሁ።

ደስ ብሎኛል። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት፤ ቀለል አድርገህ ያዘው።

ዕፀገነት


ፊልቱ፣ ኅዳር 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቲቸር ዕፀገነት

ካሜራው በቡሌ እጅ ነው። ፍየል እንደማይጭን ፊቴ ምሏል፤ የበግ ነገር ግን አላነሳም።

ከኋላው ያለውን ስክሪን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። ካልተሸፈነ አንድ ፎቶ በተነሳ ቁጥር ሴቶቹ ሁሉ «አሳዪን» ብለው ይከቡዎታል፤ አገጬ ወፈረ፣ ድገሚ ይላሉ። ፊልም ቢሆን ማየት አይቻልም ነበር፤ አሁንም አይቻልም። ይህን ፍላሽ መጠበቅ የለብዎትም፤ ወዲያው ይሞላል፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ ግን ያልሞላ ያስመስሉ።

ስለ ቀለሙ እንዲህ አስቤያለሁ። ላፕቶፑ ዘቢባ ቤት ይሆናል። በመሃል አንሶላ ይሰቀላል። እርስዎ በዚያ በኩል እያዩ ይነግሩኛል፤ እኔ በዚህ በኩል ሳላይ እመራዎታለሁ። ከጋሼ ጋር ስትሠሩበት የኖራችሁበት ዘዴ ስለሆነ እንደማይከብድዎት ተስፋ አለኝ።

ለዘቢባ በስልክ እርስዎ ምን እንዳሏት አላውቅም። ዛሬ መንገድ ላይ አይታኝ «ጎበዝ» አለችኝ። ከዚህ በፊት ስሜንም አትጠራም ነበር።

አክባሪዎ እስራኤል


ፊልቱ፣ ኅዳር 25 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቲቸር ዕፀገነት

በሰላም ገቡ ወይ? ሳልሰናበትዎ ስለሄዱ አዝኛለሁ፤ እርስዎ በጓሮ በር ወጥተው ቡሌ ቀድሞ መነሳቱን የሰማሁት እኔ ገና ከስቱዲዮዬ ውጭ ሳለሁ ነው።

እርስዎ ከውስጥ ስለነበሩ ከውጭ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። የሠርጉን ዕለት የወንዶቹን ዳስ አነሳሁ። ወንዶቹ ሁሉ እንደ ምሰሶ ቆሙልኝ። ከግድግዳው ማዶ ሣቅ ይመጣል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ «ቲቸር ምን ሆነሽ ነው፣ ተጫኚው እንጂ» የሚል ጩኸት፣ ከዚያ ስድብ፣ ከዚያ ሣቅ፣ ከዚያ ብልጭታው ከዳሱ ጨርቅ በላይ ይታያል። ባትሪ ድንጋዩ ምን እንደሆነ በጆሮዬ ገባኝ። ሙሽራው ጭምር አንገቱን ወደዚያ አዘነበለ። የሐዋሳውን ሰው ስም ያነሳ አልነበረም።

በነጋታው አንሶላው ጋ። ሰው ይህን ሥራ ብሎ ይጠራዋል ወይ?

«ጥላው ምን ይመስላል ቲቸር?»

«ከሰል።»

«ሦስተኛውን ማንሸራተቻ ወደ ቀኝ ይግፉት። አሁንስ?»

«ጠጅ።»

«ትንሽ ይመልሱት።»

«እሺ። ኧረ ተው፣ ይኸውና መጣ» አሉ። ከዚያ ዘቢባ የሆነ ነገር ብላ ስታለቅስ ሰማሁ፤ ወዲያው ስትስቅ። እኔ የማየው የአንሶላውን አበባ ነበር። ቲቸር፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ የሚበልጠውን አበባ ላይ አፍጥጬ ሠራሁት።

ማተሙ ደግሞ ይባስ። ሴቶቹ ስቱዲዮዬ ገብተው በሩን ከውስጥ ቆለፉ። እኔ በራፌ ላይ ኩርሲ ላይ ተቀምጬ የራሴን ፕሪንተር አዳመጥኩ። አንድ ወረቀት ሲወጣ ጩኸት፣ ሌላው ሲወጣ ጩኸት። አንዱ ላይ ግን በጣም ረጅም ሣቅ ሆነ፤ አላፊ አግዳሚው ቆመ። አንድ ሽማግሌ «ምን እየሆነ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። «ቤቱ የማን ነው?» የኔ ነው አልኳቸው። በኀዘን አይተውኝ አለፉ።

ከዚያ ፈርሃና ላፕቶፑን አምጣ አለችኝ። ከሴቶቹ ዳስ የመጣ ነገር ሁሉ እፊቷ ይደምሰስ አለች። ደመሰስኩ። «ሌላስ?» የለም አልኳት። «ይሄ ነገሌ የሚለውስ?» እሱ ቀለም ብቻ ነው ብል አላመነችም፤ የነገሌ ሴቶች ናቸው አለች። ቆማ አስደመሰሰችኝ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም ነበር። «ነገሌ 86» ጠፋ።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ፎቶዎቹ እንዴት ሆኑ? እያንዳንዱ ማንሸራተቻ የት ላይ እንደቆመ ያስታውሳሉ? እኔ ስናስተካክል አላይም ነበር።

ካሜራውንም ቡሌ ሲመጣ ቢልኩልኝ።

አክባሪዎ እስራኤል


ነገሌ ቦረና፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእስራኤል

በሰላም ገብቻለሁ። ወልደሥላሴም በሰላም ጠበቀኝ። ቤቱን በሚገባ መርቷል፤ ሁለት ሰሃን ብቻ ነው የተሰበረው፤ ሁለቱንም ድመት ነው ብሏል። ድመት የለንም።

ለመጀመሪያው ጥያቄህ። ዘቢባን አስፈቅጄ አንዱን ብቻ እንድነግራችሁ ተስማምታለች፤ ለአንተና ለሱ። ሰማንያ ስድስት ላይም እንዲህ ብትፈቅድ ኖሮ ይህ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ሬዲዮ ባልከፈተ ነበር።

ለሱ የነገርኩትን ለአንተም እጽፋለሁ። ዘቢባ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። ቀኑን ሙሉ ሰው ስታዝ ውላ ገና መቅመሷ ነው፤ ዳቦው በጥርሷ ተይዟል፤ ምክንያቱም ሁለቱም እጇ የኢክራም ፀጉር ውስጥ ነው፤ አንድ የወለቀ መርፌ ቁልፍ እየመለሰች ነው። ኢክራም ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች። ያሳቃት ሰው ፎቶው ውስጥ የለም፤ ክንዷ ብቻ አለ፤ ፈርሃና ናት፤ እኔን እየሰደበች ነበር። እናትየዋ ዳቦ ይዛ ለመሳቅ እየሞከረች ነው፤ አልተሳካላትም።

ወልደሥላሴ ሲያዳምጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ብልጭታው?»

«ፊት ለፊት። ኋላቸው ግድግዳው ላይ ጥላቸው አለ።»

«የምን ቀለም?»

«የቡና ገለባ።»

«ሞቷል ብዬ ነበር ያ ቀለም» አለ። ከዚያ፣ «በይ አሁን የሰማንያ ስድስቱን ንገሪኝ።»

«አልተፈቀደም።»

«አሁን እኮ ዕውር ነኝ።»

«ለዘቢባ ነግሬያታለሁ። መንገር ማሳየት ነው አለች።»

ስለ ኢክራም ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ማተሙ ሊያልቅ ሲል አንዱን ፎቶ ቀለሙን አውልቄ፣ እንደተነሳ እንዳለ አሳየኋት፤ ጥርት ያለ፣ የዛሬ፣ የራሷ። መጽሐፍ ውስጥ ብትሆን ኖሮ ልጅቷ ይህን መርጣ አንድ ጥሩ ነገር ትናገር ነበር። እሷ ግን አየችውና «ቲቸር፣ ይሄ ምን ሆነ? ቶሎ መልሽው» አለችኝ። ጥላውንም ትንሽ ጨምሪበት አለች። ጨመርኩ። አሁን ከእናቷ ይበልጥ ያረጀች ሙሽራ ሆናለች፤ በጣም ደስ ብሏታል፤ አልበሙን ታቅፋ ነው ወደ ባሏ ቤት የሄደችው፤ ይህንንም አልበም በአውራ ጣቷ እየሸፈነች ነው የምታሳየው።

ያ ረጅም ሣቅ በምን እንደሆነ አልነግርህም።

ለሁለተኛው ጥያቄህ። ማንሸራተቻዎቹ የት እንደቆሙ አስታውሳለሁ። ሁሉንም። ሦስተኛውን አንተ ካልከው አሳልፌ እንደገፋሁትም አስታውሳለሁ፤ አንሶላው ስለነበር አልነገርኩህም። ቁጥሩን ግን በደብዳቤ አልጽፈውም። የፈርሃና ባል የእህት ልጅ በጥር ወደራ ከተማ ታገባለች። ትላንት ሦስት ሴቶች በባጃጅ ቤቴ መጥተው፣ ወልደሥላሴን በትህትና ሰላም ብለው፣ በሱ በኩል አልፈው እኔን «ስንት ቀን ቀድመሽ ትመጫለሽ?» አሉኝ። እሱ ወንበሩን ጎትቶ አሳለፋቸው። ካሜራ አለሽ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አለኝ አልኳቸው።

ስለዚህ ካሜራውን ለቡሌ ያልሰጠሁት ረስቼ አይደለም። ለራስህ ሌላ ፈልግ። የወንዶቹን በኩል የሚያነሳ ሰው ያስፈልገኛል፤ አሥር ቀን ቀድመህ ና፤ ላፕቶፑን ይዘህ፤ አንሶላ እኔ አመጣለሁ፤ አበባ የሌለው።

ዕፀገነት